ለምሕረት አምላክ የተፈጠረ ልብ ወለድ ሃይማኖት፦ «ኤራሜ»ን ተቹልኝ

ጮቄ ሥር (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። በመጻፍ ላይ ባለሁት ረጅም የምናብ ታሪክ ውስጥ «ሰባቱ ገደሎች» የሚባል አገር አለ። ላዩ ሜዳማ ደጋ ሆኖ በጥልቅ ሸለቆዎች የተቆራረጠ፣ ከአንዱ አምባ ወደ ፊት ለፊቱ አምባ ለመሻገር ጎህ ሲቀድ ወርደው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሚወጡበት አገር ነው፤ ከደጀን ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወደ ጎሐ ጽዮን የተሻገረ ሰው መልክዓ ምድሩን ከየት እንዳመጣሁት ወዲያው ይገባዋል። የአገሩ ሰዎች ብዙ አማልክት አሏቸው፤ ከሁሉም በላይ የምትወደደው ግን ኤራሜ የምትባለው የምሕረት እንስት አምላክ ናት። የሃይማኖቷ ረቂቅ እንደሚከተለው ነው።

በጥንት ዘመን ፍጥረትን ሁሉ ብቻውን የሚዳኘው ዳኝቴ የሚባል የፍርድ አምላክ ነበር፤ ከሚዛኑም የሚያመልጥ አልነበረም። አንድ ቀን ብዙ ሰው የገደለ ሽፍታ ፊቱ ቀረበ። ሽፍታው በሕይወቱ የሠራው በጎ ሥራ ለተጠማ መንገደኛ የሰጠው ጥርኝ ውኃ ብቻ ነበር። የዳኝቴ ታናሽ እኅት ኤራሜ አዘነችለትና እጇን በውኃው በኩል ባለው የሚዛኑ ሳህን ላይ አሳረፈች፤ ሽፍታውም ዳነ።

መቅደሷ በገደል አፋፍ የተሠራ ሲሆን በር የለውም። ወደ እርሱ የሚያደርሰው አንድ የገመድ ድልድይ ብቻ ነው፤ ያን ድልድይ የተሻገረ ጥፋተኛ፣ ጥፋቱ ምንም ቢሆን፣ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ንጹሕ ነው። አገልጋዮቿ «ጥላ ያዦች» የሚባሉ ነጭ ለባሽ ሴቶች ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ «የመፍቻ ቀን» ይከበራል፤ በዚያ ቀን በአገሩ ያለ ዕዳና ወንጀል ሁሉ ይሰረዛል።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ይህ ሃይማኖት ሰዎች በእውነት የሚኖሩበት ይመስላልን፣ ወይስ የታሪኩ ማስጌጫ ብቻ ሆኖ ቀርቷል?

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ ድልድዩና በር የሌለው መቅደስ ደስ ይላሉ። የሽፍታውን ታሪክ ግን እዚህ አገር ያደገ አንባቢ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ያውቀዋል። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው በላዔ ሰብ፣ ለምጻሙ በእመቤታችን ስም ሲለምነው የሰጠው ጥርኝ ውኃ፣ በሚዛኑ ላይ ያረፈው ጥላዋ፤ ይህ ሁሉ በተአምረ ማርያም የሚነበብ፣ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የሚሰማው ታሪክ ነው። አገልጋዮቹን ደግሞ «ጥላ ያዦች» ሲሏቸው ምንጩ የባሰውን ይገለጣል። አማኙ አንባቢ ቅር ይሰኝብዎታል፤ ይህ አንዱ ነው። ለጸሐፊ የሚከፋው ግን ሁለተኛው ነው፦ አንባቢው ኤራሜን ማየት ትቶ ልዩነት መልቀም ይጀምራል።

ሥራዬ እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌ ማሻገር ስለሆነ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ ዘወትር አየዋለሁ። ከሥዕሎቹ ሁሉ ሰውን አቁሞ የሚያስቀረው በላዔ ሰብ ነው፤ እንግዶቹም ከየትም አገር ይምጡ ከየት ብዙዎቹ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ «የተበሉት ሰዎችስ?» በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያ ምሕረት ቃል ኪዳን አለው፤ ልጇ የሰጣት ኪዳን ነውና መሠረቱ ይታወቃል። ኤራሜ ግን ኪዳን የላትም። እጇን ሚዛኑ ላይ እንድታሳርፍ የፈቀደላት ማን ነው? በምን ሥልጣን? ለዚህ መልስ ካላገኙ ሃይማኖቱ መሠረት የሌለው ቤት ሆኖ ይቀራል።

ደጀን ላይ (ደጀን)

ከጣና ዳር ጋር በከፊል አልስማማም። ሚዛን የአንድ ወገን ርስት አይደለም፤ በጥንታዊት ግብፅ እምነትም የሟች ልብ የእውነትና የፍትሕ አምላክ ከሆነችው ከማዓት ላባ ጋር ይመዘን ነበር። ስለዚህ ጥርኙን ውኃ አንሥቶ ሚዛኑን ማቆየት ይቻላል። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ኤራሜ እጇን ከማሳረፍ በቀር ምንም አልከፈለችም። ምንም ሳይከፍል የሚምር አምላክ የሚወደድ ሊሆን ይችላል፤ የሚመለክ ግን አይመስለኝም።

ለንጽጽር በቻይና የምሕረት እመቤት ተብላ የምትከበረውን ጓንዪንን ልጥቀስ። መነሻዋ በሕንድ አቫሎኪቴሽቫራ የሚባለው፣ በወንድ መልክ የሚሣለው ቦዲሳትቫ (በቡድሃ እምነት ፍጥረትን ለመርዳት ራሱን የሰጠ ቅዱስ) ሲሆን በቻይና ከብዙ ዘመን በኋላ በሴት መልክ ትሣል ጀመር። ስለ እርሷ ከሚነገሩት አፈ ታሪኮች አንዱ የልዕልት ሚያው ሻን ነው። አባቷ ንጉሡ ባል አግቢ ቢላት እምቢ አለች፤ ምንኩስናን መረጠች፤ እርሱም እንድትገደል አዘዘ። በተአምር ተርፋ በተራራ ላይ ስትኖር አባቷ በክፉ ደዌ ተያዘ፣ መድኃኒቱም ቁጣ የሌለበት ሰው ዓይንና ክንድ ነው ተባለ። ዓይኖቿንና ክንዶቿን ሰጠችው። ንጉሡ ድኖ ሊያመሰግን ተራራውን ሲወጣ፣ ያገኛት ዕውርና ክንደ ቢስ መነኩሲት ልጁ ነበረች። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ የማረችው የተበደለችው ራሷ ናት። የእርስዎ ኤራሜ ግን የሌላ ሰው ደም ነው ያለፈችው።

ሞጣ ልጅ (ሞጣ)

አጭር ነገር ልጨምር። ሮማውያን ክሌሜንቲያ የምትባል የምሕረት አምላክ ነበረቻቸው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት የሮም ሸንጎ ለቄሳር ምሕረት ቤተ መቅደስ እንዲሠራ ወስኖ ነበር። በዚያው ዓመት ቄሳርን ከወጉት መካከል ብሩቱስና ካሲዩስ ቀድሞ እርሱ ራሱ ምሯቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ምሕረት የተቀበለ ሰው ሁሉ አመስጋኝ አይሆንም፤ አንዳንዱ ሕይወቱ የሌላ ሰው ስጦታ መሆኗን መሸከም ያቅተዋል። በረቂቁ ውስጥ ኤራሜን የሚጠላ ምሕረት የተደረገለት ሰው አላየሁም። ቢኖር ጥሩ ነው።

ነገረ ፈጅ (ፍኖተ ሰላም)

እኔ በሙያዬ ጠበቃ ነኝና ስለ ድልድዩና ስለ መፍቻ ቀኑ ብቻ እናገራለሁ። ሁለቱም አሁን ባሉበት ሁኔታ አገሩን በአንድ ትውልድ ውስጥ ያፈርሱታል።

መጀመሪያ ድልድዩ። የመማጸኛ ስፍራ አዲስ ነገር አይደለም፤ በእኛም አገር በቀድሞ ዘመን ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር የገባ ሰው ይማጸን ነበር። ነገር ግን መማጸኛ ያላቸው ሕዝቦች ሁሉ ወሰን አበጅተውለታል። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 35 የተጻፉት የመማጸኛ ከተሞች ስድስት ናቸው፤ ሦስቱ ከዮርዳኖስ ወዲህ፣ ሦስቱ ከዮርዳኖስ ማዶ። የተሠሩት ግን ሳያውቅ ለገደለ ሰው ነው። ሆን ብሎ የገደለ ወደዚያ ቢሸሽም ተፈርዶበት ይሞታል፤ ሳያውቅ የገደለውም ቢሆን ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ ከከተማዋ አይወጣም፤ ከወጣ ደም ተበቃዩ ቢገድለው ዕዳ የለበትም። ከሞት አድነው በግዞት ያኖሩታል ማለት ነው። በእንግሊዝም በመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን የገባ ወንጀለኛ የሚጠበቅለት 40 ቀን ነበር፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ወይ ለፍርድ ይቀርባል፣ ወይም ጥፋቱን ተናዝዞ አገሩን ለዘለዓለም ለቆ ለመሄድ ይምላል። እንዲህ ተወስኖም ሳለ ሥርዓቱ ሌቦች የሚመሽጉበት ሆነና እ.ኤ.አ. በ1624 በሕግ ተሻረ። በእርስዎ አገር ግን ድልድዩን መሻገር ብቻውን ነጻ ያወጣል። እኔ የሰባቱ ገደሎች ሽፍታ ብሆን ቤቴን የምሠራው ከድልድዩ አጠገብ ነው፤ ማታ ዘርፌ ጠዋት እሻገራለሁ።

ቀጥሎ የመፍቻ ቀን። ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቅ የዕዳ ስረዛ አበዳሪን ያጠፋል። ኦሪት ዘዳግም 15 በየሰባቱ ዓመት ዕዳ እንዲለቀቅ ካዘዘ በኋላ ወዲያው በቁጥር 9 ላይ «ሰባተኛው ዓመት ቀርቧል» ብለህ ለድኻው ወንድምህ ማበደርን እንዳትከለክለው ሲል ያስጠነቅቃል። ሕግ አውጪው የሰውን ልብ ያውቀዋል። የጥንት ባቢሎን ነገሥታት ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደዋል፤ ስረዛውን የሚያውጁት ንጉሡ በፈለገው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜም ሲነግሥ ነበር። ንጉሥ አሚ-ጻዱቃ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ17ኛው መቶ ዘመን ያወጣው አዋጅ የድኻውን የምግብና የዘር ዕዳ ሰርዞ የነጋዴዎችን የንግድ ብድር አልነካም። ይህን ልዩነት ካላስገቡ በመፍቻ ቀን ዋዜማ በሰባቱ ገደሎች አንድ ቁና ጤፍ የሚያበድር ሰው አይገኝም፤ የሚራበውም ኤራሜ ልትረዳው የፈለገችው ድኻ ነው።

ጮቄ ሥር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጥርኙ ውኃ ይወጣል፤ አገልጋዮቹም ሌላ ስም ያገኛሉ። ነገረ ፈጅ ያነሡትን የ40 ቀን ወሰንና ቀኑ የማይታወቅ ስረዛን ወድጃቸዋለሁ፤ ቀኑን የምታውጀው በመቅደሱ ካሉት ሴቶች በዕድሜ አንጋፋዋ እንድትሆን አስባለሁ፤ ይህም ለሹማምንት ደጅ መጥናትና ለጉቦ በር ስለሚከፍት ለታሪኩ ይመቸኛል። ደጀን ላይ ያነሡት «የማረችው የተበደለችው ናት» የሚለው ነጥብ ግን ከሥር መሠረቱ ስለሚያናውጠኝ ገና እያሰላሰልኩት ነው። ምሕረት የተበደለው ሰው ብቻ የሚሰጠው ከሆነ አምላኪቱ ምን ትሠራለች?

የቢቸናዋ (ቢቸና)

ወንድሜ ጮቄ ሥር፣ ጥያቄዎ ትክክለኛ ነው፤ መልሱም በዙሪያችን ያለ ይመስለኛል። ረቂቁን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው በድልድዩ ወዲህ ማዶ ነው። ገዳዩ ሲሻገር ከበስተኋላው ቆማ የምታየው የሟች እናት የት አለች? አንድም ቃል አልተጻፈላትም። ጣና ዳር የነገሩን እንግዶች የጠየቁት ጥያቄ ይኸው ነው።

በእኛ በኩል ደም የተቃቡ ሰዎች ሲታረቁ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ሟች ቤት ነው። ይመለሳሉ። ደግሞ ይሄዳሉ። የሟች ወገን አልሰማም የማለት መብት አለው፤ ቡና ሳያፈላ ሊመልሳቸው ይችላል፣ እነርሱም አይቀየሙም። ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚቀርበው ይህ ሁሉ ደጅ መጥናት ካለቀ በኋላ ነው። ካህኑ መስቀል ይዞ ቢቆም፣ ሽማግሌው ቢመርቅ፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚለው ቃል ከሟች ወገን አፍ ካልወጣ እርቁ እርቅ አይደለም። እኔ ያየሁት አንድ እርቅ ላይ የሟች እናት ያን ቃል መናገር አቃታት። ወንዶቹ ሁሉ አሉ፤ እርሷ ዝም አለች። ሽማግሌዎቹም አላስገደዷትም፤ ፀሐይዋ እየከረረች ሁሉም ቆሞ ጠበቀ። ኋላ ተነሥታ ሄደችና ድንጋዩን በሁለት እጇ ከልጁ ጫንቃ ላይ አወረደችው። «አውርድ፣ ከብዶሃል» አለች፤ ሌላ አልተናገረችም። የሽማግሌዎቹ አለቃ ይህን እንደ ቃል ቆጥሮ ምርቃቱን ጀመረ።

ስለዚህ ኤራሜ ምን ትሠራለች ላሉት፣ ሽማግሌ ትሁን። ራሷ ምሕረት ማድረግ የማትችል፣ ነገር ግን ለመለመን የማትታክት አምላክ ትሁን። ድንጋጌዋ «ማርኩህ» የሚል መሆኑ ይቅርና ከተበደለው ሰው ደጃፍ ተቀምጣ የምትለምን ትሁን። ከሰማይ ሥልጣን ይዛ ከምትመጣ አምላክ ይልቅ ከድኻ ሴት ደጃፍ የምትመለስ አምላክ እኔን ታስደንቀኛለች።

ደጀን ላይ

የቢቸናዋ የጻፉት ልብ ይነካል፤ ነገር ግን አንድ አደጋ አለው። የተበደለው ሰው ካልማረ ምሕረት የለም ካልን፣ ሃይማኖቱ የምሕረት መሆኑ ቀርቶ የይቅርታ ሽምግልና ይሆናል። የሟች ወገን በልቡ ቂም ይዞ ሰባት ትውልድ ቢቆይስ? ብቻውን የቀረ፣ ሽማግሌ የሚልክለት ዘመድ የሌለው ጥፋተኛስ? በአቴና ከተማ አደባባይ ኤሌዎስ ለሚባል የርኅራኄ አምላክ መሠዊያ ነበር፤ ግሪካዊው ጸሐፊ ፓውሳንያስ ከግሪኮች ሁሉ ለእርሱ ክብር የሚሰጡት አቴናውያን ብቻ እንደሆኑ መዝግቧል። ወደዚያ መሠዊያ የሚሸሸው ማንም ጠበቃ የሌለው ስደተኛ ነበር። ምሕረትን ሙሉ በሙሉ ለተበዳይ ካስረከብን እንዲህ ዓይነቱን ሰው ማን ያስጠጋዋል?

የቢቸናዋ

ማስጠጋትና መማር ይለያዩ ነው የምለው። ዳቦና መኝታ መቅደሱ ይስጠው፤ 40 ቀኑንም ያግኝ፤ ያ የኤራሜ ነው። የፈሰሰው ደም ግን የኤራሜ አይደለም። ዘመድ ስለሌለው ሰው ላነሡት፣ እርሷ ራሷ ዘመዱ ሆና ትለምንለት፤ አገልጋዮቿ የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። ሰባት ትውልድ ቂም የያዘ ቤት ካለ ሰባት ትውልድ ደጁን ይጥኑ።

የዋሸራ ደቀ መዝሙር (ደብረ ወርቅ)

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ከመጀመሪያው አነበብሁት። ባዕድ አምልኮን በምናብ መፍጠር ለእኔ ለአሮጌው ሰው እንግዳ ነገር ነው፤ ነገር ግን ተረት መሆኑ በግልጽ እስከታወቀ ድረስ፣ ከቅዱሳኑ ታሪክም እስካልተቀላቀለ ድረስ፣ ሰው ስለ ምሕረት እንዲያስብ ማድረጉን አልነቅፍም። ጣና ዳር የመከረችው ምክር ተገቢ ነው፤ ደግሜ አልሄድበትም።

እኔ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። እነዚህ ሴቶች ምን ይበላሉ? ጸሐፍያን አማልክትን ስትፈጥሩ መብረቅና ሚዛን አይጎድላችሁም፤ እንጀራውን ግን ትረሱታላችሁ። የመቅደሱ ቀለብ ምሕረት ከተደረገላቸው ባለጠጎች የሚመጣ ከሆነ ድልድዩ ውሎ አድሮ ኬላ ይሆናል፣ ያልከፈለም አይሻገርም። በአውሮፓ የኃጢአት ስርየት ወረቀት በገንዘብ ሲሸጥ ነው እ.ኤ.አ. በ1517 ሉተር ተቃውሞውን ያወጣው፣ የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያንም የተከፈለችው።

በቅኔ ቤት ሳለን ለምድ ለብሰን፣ አኮፋዳ በትከሻችን አንጠልጥለን፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን ከየቤቱ ቁራሽ እንለምን ነበር። በልመናው የምታውቀው ብዙ ነገር አለ፤ የትኛው ቤት ኀዘን እንዳለበት፣ የትኛው ጎረቤት እንደተጣላ፣ ማን ከማን ጋር እንደማይበላ ከተማሪ የሚሰወር የለም። ስለዚህ የኤራሜ ሴቶች ከተበዳዮች ቤት ብቻ ለምነው እንዲበሉ አድርግ። ከበዳይ ቤት ቁራሽ መቀበል ክልክል ይሁን። የተበደለው ቤት በራቸውን ከዘጋ ይራባሉ፤ ጾም የሚሆንባቸውም ያ ነው። የሟች እናት ለሚለምኗት ሴቶች እንጀራ የሰጠች ዕለት ነገሩ መላላት እንደ ጀመረ አገር ያውቃል፣ ማንም መናገር አያስፈልገውም። ጉቦውም በዚህ ይቆረጣል፤ ጥፋተኛው የሚሰጠው ነገር የለምና።

ሌላው፣ ስሟ በአፍ ላይ ሥራ ይኑረው። ዱሮ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው የሰነዘረውን በትር ያቆም ነበር፤ ከልካዩ ሕፃንም ቢሆን፣ ሴትም ብትሆን። «በኤራሜ!» ሲባል እጅ የሚቆም ከሆነ ሃይማኖቱ ከመቅደስ ወጥቶ ገበያ ገባ ማለት ነው። ነገር ግን በከንቱ የጠራት ሰው ምን ይሆናል የሚለውን ወስን፤ አለዚያ ሌባ ሁሉ እየጮኸ ያመልጣል።

ለጸሎቷም በሁለት ስንኝ የምትቋጭ ግጥም ስጣት። በግእዙ ቅኔ ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና የጀማሪ ነው ይባላል፤ ሲሆንለት ግን ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይልቅ ይወጋል። በአማርኛ ይህን ሞክሬልሃለሁ፣ ኅብሩን፣ ማለትም ሁለት ትርጉም ያዘለውን ቃል፣ አንባቢ ይፈልገው፦

ቁስሉን ይዞ ቢመጣ መድኃኒት ፍለጋ፣
ማር አለችው ኤራሜ፣ ቁስሉ እንዲዘጋ።

ጣና ዳር

የኔታ፣ እድሜ ይስጥልን። ይህች ስንኝ በመቅደሱ ድልድይ ምሰሶ ላይ ብትቀረጽ ደስ ይለኛል፤ ቁስለኛ የተባለው ማን እንደሆነም ከእንግዲህ አያከራክረንም።

ጮቄ ሥር

የኔታ፣ እጅግ አመሰግናለሁ፤ በፈቃድዎ ስንኙን ከነ ባለቤቱ አስገባዋለሁ። የተሻሻለውን ረቂቅ እነሆ።

በጥንት ዘመን ኤራሜ አምላክ ከመሆኗ በፊት የዳኝቴ እኅትና የአንድ ልጅ እናት ነበረች። ልጇን አንድ እረኛ በግጦሽ ጠብ ከገደል ወርውሮ ገደለው። ዳኝቴ እረኛውን በሚዛን ሲያስቀምጠው በሌላው ሳህን ላይ የሚቀመጥ ምንም አልተገኘም፤ ፍርዱም ሞት ሆነ። ሚዛኑ አጠገብ ቆማ የነበረችው ኤራሜ የእረኛውን እናት ከሕዝቡ መካከል አየቻት። ቀኝ እጇን ቆርጣ በሳህኑ ላይ አኖረችው፤ ሚዛኑም እኩል ሆነ። እኩል እንጂ አላጋደለም፤ እረኛው ከሞት ዳነ እንጂ ንጹሕ አልተባለም። ምስሎቿ ሁሉ ስለዚህ አንድ እጅ ብቻ አላቸው። ዳኝቴም እንዲህ አላት፦ «የራስሽን ደም መማር ችለሻል፤ የሌላውን ግን ትለምኛለሽ እንጂ አትምሪም።» ሥልጣኗና የሥልጣኗ ወሰን በዚህ ቃል ውስጥ ናቸው። የዳነው እረኛ ደግሞ ሞጣ ልጅ ባሉት መሠረት የመጀመሪያው ጠላቷ ሆነ፤ በእርሷ እጅ ዋጋ እየኖረ መሆኑን መሸከም አልቻለም። የእርሱ ዘሮች እስከ ዛሬ በድልድዩ አያልፉም።

አገልጋዮቿ «ደጅ ጠኚዎች» ይባላሉ። ቀለባቸው የኔታ እንዳዘዙት ነው። ድልድዩን የተሻገረ ሰው 40 ቀን ይጠበቃል፤ በእነዚህ ቀናት ደጅ ጠኚዎቹ ወደ ተበዳዩ ቤት ይመላለሳሉ። ካልተሳካ ሰውየው ወይ ለዳኝቴ ሸንጎ ይቀርባል፣ ወይ ከሰባቱ ገደሎች ይወጣል። «በኤራሜ!» ብሎ የጮኸ ሰው ያቆመውን ጠብ እስከ መጨረሻው የማስታረቅ ግዴታ ስለሚወድቅበት በከንቱ የሚጠራት አይበዛም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ሟቹ ራሱ ይቅር ማለት አይችልም፤ እናቱም የምትምረው የራሷን ኀዘን እንጂ የእርሱን ሕይወት አይደለም። ለዚህ በመቅደሱ ውስጥ ባዶ በርጩማ አስቀምጫለሁ። በእርቅ ቀን ሁሉም ሲቀመጥ እርሱ ባዶውን ይቆያል። ገዳዩ ለባዶው በርጩማ ይሠራል፦ የሟቹ ልጆች ለአካለ መጠን እስኪደርሱ ድረስ የሟቹን መሬት ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል፤ እህሉን ጎተራ አስገብቶ ሳይቀምስ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ነገረ ፈጅ

የተሻሻለው ረቂቅ በእኔ ሸንጎ አልፏል። የቀረኝ አንድ ቀዳዳ ነው፦ ልጆቹ ካደጉ በኋላ «አንፈልግህም፣ ከመሬታችን ውጣ» ካሉትስ፣ ዕዳው አብቅቷል ወይስ ይቀጥላል? እኔ ብሆን መልሱን ለልጆቹ እተዋለሁ፤ ምክንያቱም እናትየው የማረችው በእነርሱ ስም አይደለም። በርጩማው ላይ መቀመጥ የሚችሉትም እነርሱ ብቻ ቢሆኑ፣ የተቀመጡ ዕለት ገዳዩ ነጻ እንደሚወጣ አገር ሁሉ ያያል።

የቢቸናዋ

በርጩማው ግሩም ነው። ነገር ግን ሟቹን ሁልጊዜ ወንድ አድርገውታል። የተገደለችው ሴት ብትሆንስ? እርሷ በሬ አልጠመደችም፤ የጎደለው የእርሷ ሥራ ነው። ገዳዩ የእርሷን ይሥራ። ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ወፍጮ ላይ ይንበርከክ፣ እንስራ በጀርባው አዝሎ ከምንጭ ውኃ ይቅዳ፣ ሊጥ ያቡካ፣ ልጆቹን ይጠብ። የሰባቱ ገደሎች ወንዶች ኩሩዎች ይመስሉኛል፤ እንግዲያው አንዱ ኩሩ ጦረኛ በገበያ ቀን፣ ያውም የሚያውቁት ሁሉ ባሉበት፣ እንስራ አዝሎ ሲያልፍ ያሳዩን። ከመንደሩ ወንዶች አንዱ ሊስቅበት ቢከጅል «በኤራሜ!» ብሎ የሚያስቆመው ማን እንደሚሆንም ያስቡበት። የሟቿ ሴት ልጅ ብትሆን እኔ እመርጣለሁ።

ጮቄ ሥር

እኅቴ፣ ተቀብያለሁ። ጦረኛው በምዕራፍ ሁለት መጨረሻ ላይ ድልድዩን የሚሻገረው ሰው ይሆናል፤ ምዕራፍ ሦስትን በገበያው ቀን እጀምራለሁ። እንስራው ሲታዘል ገመዱ በደረት ነው ወይስ በግንባር የሚያዘው? እዚህ ከተማ ስላደግሁ በቅርብ አላየሁምና ብትነግሩኝ።

የቢቸናዋ

በደረት ነው፤ ማዘያው በትከሻና በደረት ላይ ተሻግሮ ከፊት ይቋጠራል። አዲስ ሰው አጥብቆ ስለሚያስረው ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ጎንበስ ማለትንም ስለማያውቅበት ውኃው ከአፉ እየፈሰሰ ጀርባውን ያርሰዋል። በአፉ ላይ ቅጠል ካልወተፉበት ደግሞ ዳገቱን ሳይጨርስ ግማሹ ያልቃል። ይህን ለጦረኛው ማንም አይንገረው።